የጉቦ ተከሳሽ መልስ፤ ከአይጠየፍ አዳራሽ እስከ ኮምቦልቻ ጉምሩክ

በሌብነት የተከሰሰ ሰው መልሱ አጭር ነው፤ «አልወሰድሁም» ይላል፤ ከሳሹም መውሰዱን በእማኝ ወይም በተያዘው ዕቃ ያስረዳል። በጉቦ የተከሰሰ ሰው ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። ገንዘቡ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ መተላለፉ ብዙውን ጊዜ አይካድም፤ የሚካደው የተላለፈበት ምክንያት ነው። አንዱ «ያበደርሁትን መለሰልኝ» ይላል፤ ሁለተኛው «የወዳጅነት ስጦታ ነው» ይላል፤ ሦስተኛውም «ሥራው ካለቀ በኋላ በገዛ ፈቃዱ አመጣልኝ እንጂ እኔ አልጠየቅሁትም» ይላል። እንግዲህ ዳኛው የሚመረምረው የሰውን ልብ ነው። ስለዚህ በጉቦ ነገር የተከሳሹ መልስ ከከሳሹ ማስረጃ የማያንስ ዋጋ አለው፤ መልሱ ካልተሰማ ስጦታ የነበረውና ጉቦ የነበረው ሊለይ አይችልምና።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ስለ ጉቦ ክፋት አይደለም፤ እርሱን አንባቢዎቻችን ያውቁታል። በሀገራችን በጉቦና በሥልጣን አለአግባብ መጠቀም የተከሰሰ ሹም ወይም ሠራተኛ ራሱን የሚከላከልበት መንገድ በየዘመኑ ምን ይመስል እንደ ነበረ፥ ደሴንና ኮምቦልቻን መነሻ አድርገን እንከተለዋለን። እነዚህን ሁለት ከተሞች የመረጥንበት ምክንያት አለን። ደሴ ከንጉሥ ሚካኤል ዘመን ጀምሮ የወሎ የአስተዳደርና የፍርድ መቀመጫ ሆና ኖራለች፤ ከእርስዋ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ቈላው ወረድ ብላ የምትገኘው ኮምቦልቻ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚያልፈው ጐዳናና ከአሰብ የሚመጣው ጐዳና የሚገናኙባት የንግድ በር ናት። ፍርድ ባለበትና ቀረጥ በሚከፈልበት ሥፍራ ደግሞ የጉቦ ነገር መነሣቱ አይቀርም።

ነገሩን ከቃላቱ እንጀምር። የቀድሞው ሰው ለሹም የሚሰጠውን ነገር ሁሉ በአንድ ስም አይጠራውም ነበር። ባለጉዳይ ወደ ጌታው ሲቀርብ ይዞት የሚገባው በግ፥ ማር ወይም ጥሬ ብር እጅ መንሻ ይባላል፤ ስሙ እንደሚያመለክተውም እጅ ነሥቶ አክብሮትን መግለጫ ነው። መተያያ የሚባለውም ከዚሁ የሚቀራረብ ነው። መማለጃ ማለደ ከሚለው ግስ የወጣ ሆኖ ልመናን ያዘለ ስጦታ ነው፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም ዳኛ እንዳይቀበል የሚከለክለውን ነገር የሚጠራው በዚህ ቃል ነው። ጉቦ ከሁሉ የከፋው ስም ነው። በእጅ መንሻና በጉቦ መካከል ያለውን ድንበር በአብዛኛው የሚወስነው የስጦታው ብዛት ሳይሆን የተሰጠበት ቦታ ነበር። እጅ መንሻ በአዳራሽ፥ ሰው ሁሉ እያየ ይቀርባል፤ ጉቦ ግን በጓዳ በር፥ በአሽከር ወይም በእልፍኝ አስከልካይ እጅ ይገባል።

ይህ ልዩነት ዛሬ ቀልድ ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን የዚያን ዘመን ሹም ከመንግሥት ግምጃ ቤት ወር በገባ ቍጥር የሚቈጠርለት ደመወዝ እንዳልነበረው ማስታወስ ያስፈልጋል። የሚኖረው በተሰጠው ጉልት፥ ገበሬው በሚያመጣለት ግብርና ከተረቺው ወገን በሚከፈለው የዳኝነት ገንዘብ ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የተባለው ተረትም የተወለደው ከዚሁ ኑሮ ነው፤ ሹመቱ ራሱ ደመወዝ ስለ ነበረ ነው። በእንዲህ ያለ ሥርዓት ውስጥ በጉቦ የተወነጀለ ዳኛ «የተቀበልሁት እጅ መንሻ ነው» ቢል መልሱ ባዶ ማመካኛ አልነበረም። ሕጉ ያላሠመረውን መሥመር አላለፍሁም ማለቱ ነበር።

የተጻፈው ሕግ ግን መሥመሩን አስቀድሞ አሥምሮት ነበር ለማለት ይቻላል። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብጽ በዐረብኛ ተጠናቅሮ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ስለ ዳኞች በሚናገረው በ43ኛው አንቀጹ ዳኛ መማለጃ እንዳይቀበል ያስጠነቅቃል። ወሎ ደግሞ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ቀዬ፥ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ተቀላቅሎ የሚኖርበት ሀገር እንደ መሆኑ መጠን፥ በዚያ ያለው ሕዝብ ሌላም ሕግ ያውቃል። በሸሪዓ ጉቦ ረሽዋ ይባላል፤ በነቢዩ ትምህርትም ሰጪውና ተቀባዩ ሁለቱም የተረገሙ ናቸው። የቃዲዎች ፍርድ ቤት በ1936 ዓ.ም. በአዋጅ ከመደራጀቱ በፊትም ቢሆን ይህ ትምህርት በወሎ መድረሳዎች ሲነገር ኖሯል። ከሁለቱ ሕግጋት የምንረዳው አንድ ነገር አለ፤ ፍትሐ ነገሥት ዓይኑን የሚያሳርፈው በተቀባዩ ዳኛ ላይ ሲሆን፥ ሸሪዓው ሰጪውንም አብሮ ይይዛል። ይህ ልዩነት ወደ ኋላ እንደምናየው በዛሬው ችሎት ውስጥ የሚያከራክር ቁም ነገር ሆኗል።

ንጉሥ ሚካኤል በደሴ ያሳነጹት አዳራሽ አይጠየፍ ይባላል፤ ትርጓሜውም ድኻውን ከጌታው ሳይለይ ሁሉን ያስገባል ማለት ነው። አዳራሹ የግብር አዳራሽ ነው፤ ነገር ግን የስሙ ሐሳብ ለዚያ ዘመን ፍርድም የሚስማማ ነበር፤ ክርክር የሚደረገው በአደባባይ ነበርና። ከሳሽ «ተጠየቅ» ይላል፤ ተከሳሽም «ልጠየቅ» ብሎ ይነሣል። ነጠላውን አደግድጎ፥ ቃሉን በምሳሌ አስጊጦ፥ በፈረስ ወይም በበቅሎ ውርርድ እየገባ ይሟገታል። አንደበት የጐደለው ሰው ነገረ ፈጅ ያቆማል። ከሁሉ በፊት ግን ዳኛው ተከሳሹን «ዋስ ጥራ» ይለዋል። ዋስ ያገኘ ወደ ቤቱ ሄዶ በቀጠሮው ይመለሳል፤ ዋስ ያጣ ከባላጋራው ጋር በቁራኛ ይታሰራል፤ ያን ጊዜም ቢሆን ከሳሹ ራሱ አብሮ ታስሮ ስለሚውል ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ሁለቱም ይቻኰላሉ። ይህን ልብ እንበለው፤ በዚያ ዘመን ሥርዓት ዋስ መጥራት የክርክር መጀመሪያ ነበር፤ የወንጀሉ ዓይነት እየታየ የሚሰጥና የሚነፈግ ችሮታ አልነበረም።

ሆኖም የድሮውን ችሎት ከሚገባው በላይ ማሞገስ አይገባም። ዳኛው ራሱ በጉቦ ሲጠረጠር ባለጉዳዩ ያለው መንገድ ወደ በላዩ ዳኛ፥ ከዚያም እስከ አፈ ንጉሡና እስከ ዙፋን ችሎት ድረስ ይግባኝ ማለት ነበር። ከደሴ ተነሥቶ በእግርና በበቅሎ አዲስ አበባ መድረስ ስንት ቀን እንደሚወስድ የሚያውቅ፥ ይህ መብት ለማን እንደሚጠቅም አይጠፋውም። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አባባልም ከንጉሡ በታች ባሉት ላይ ሁሉ ጥቂት በጥቂት ይንጸባረቅ ነበር።

እጅ መንሻን ከጉቦ ለመለየት የሚደረገው ክርክር የእኛ ሀገር ብቻ ነው ብለን እንዳናስብ፥ ወደ እንግሊዝ ሀገር ጥቂት ብቅ እንበል። በፍልስፍናው ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ፍራንሲስ ቤከን የሀገሩ ከፍተኛ የፍርድ ሹም ሳለ፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1621 ዓ.ም. ከባለጉዳዮች ገንዘብ ተቀብሏል ተብሎ በፓርላማው ፊት ተከሰሰ። መቀበሉን አመነ፤ ነገር ግን ስጦታው ፍርዴን አላጣመመውም አለ። የሚያስደንቀውም ነገር ገንዘብ ከሰጡት ባለጉዳዮች መካከል ቤከን የፈረደባቸው መኖራቸው ነው፤ ከሳሾቹም እነዚያው ሰጥተው የተረቱት ሰዎች ነበሩ። ይህ መልስ ግን አላዳነውም። 40,000 ፓውንድ እንዲከፍል ተፈረደበት፤ ከሹመቱ ተሻረ፤ ለጥቂት ቀናትም በለንደን ግንብ ታሰረ። የቤከን ነገር የሚያሳየን «ፍርድ አልሸጥሁም» የሚለው መልስ ከሹመት ጋር እንደማይስማማ አንዳንድ ሀገሮች ቀደም ብለው የተረዱት መሆኑን ነው። ይሁን እንጂ ቤከን ክሱ ተነቦለታል፤ መልሱን በጽሑፍ ሰጥቷል፤ ያም መልስ እስከ ዛሬ ይነበባል።

ወደ ሀገራችን እንመለስ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርድ ሥራ ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ ተሰጠ። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዘመናዊ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ፍርድ ቤቶች በደረጃ ተደራጁ፤ ዳኞችም ደመወዝ የሚቈረጥላቸው የመንግሥት ሠራተኞች እየሆኑ ሄዱ። በእኛ አስተያየት በጉቦ ሕግ ታሪክ ከማናቸውም አንቀጽ የሚበልጠው ለውጥ ይህ ነው። ደመወዝ ያለው ሹም «እጅ መንሻ የኑሮዬ መተዳደሪያ ነው» ሊል አይችልምና፥ ለብዙ መቶ ዓመታት ያገለገለው መልስ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከንቱ ሆነ። ደመወዙ ኑሮን ይበቃ ነበርን? ይህ ሌላ ጥያቄ ነው፤ በደሴ የሚገኝ አንድ ጸሐፊ ወይም አንድ የኬላ ዘበኛ የሚሰጠውን መልስ ለመገመት አያስቸግርም።

ስዊሱ የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁትና ሐምሌ 16 ቀን 1949 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ጀምሮ ሲጸና ነገሩን ይበልጥ አጠራው። ማድረግ የማይገባውን ለማድረግ የተቀበለና ማድረግ የሚገባውን ሥራ ሠርቶ የማይገባ ጥቅም የተቀበለ በዚህ ሕግ ተለይተው ተቀመጡ። ሁለተኛውም ወንጀል ነው፤ ቅጣቱ ግን የቀለለ ነው። ስለዚህ «ሥራዬን አላጣመምሁም» የሚለው የቤከን መልስ በእኛም ሕግ ነጻ የማያወጣ፥ ነገር ግን ሸክም የሚያቀልል ሆነ ማለት ነው። ጥሩ ጠበቃ ይህን ልዩነት ያውቃል፤ ጠበቃ የሌለው ተከሳሽ ግን ሁለቱን አንድ አድርጎ ይክዳል፥ ሲካድም ይረታል።

የመከላከያ መብቱም በዚያው ዘመን በጽሑፍ ሰፍሯል። ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት፥ ተከሳሽ የቀረቡበትን ምስክሮች ፊት ለፊት የማየትና ጠበቃ የማቆም መብት እንዳለው፥ ጠበቃ የሚያቆምበት ገንዘብ ቢያጣም ፍርድ ቤት እንዲያቆምለት፥ ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥም ድረስ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቈጠር ደንግጎ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 1954 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በ61ኛው ቍጥሩ የታሰረ ሰው ወዲያውኑ ጠበቃውን እንዲያነጋግር፥ በ63ኛው ቍጥሩ በሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ጽኑ እሥራት የማያስቀጣ ነገር ከሆነ በዋስ እንዲለቀቅ ይፈቅዳል። በተለይ 141ኛው ቍጥር ለጉቦ ተከሳሽ ትልቅ በር ነው፤ የዐቃቤ ሕጉ ምስክሮች ተሰምተው ካለቁ በኋላ ነገሩ ያልተረዳበት ከሆነ፥ ተከሳሹ አንዲት ቃል ሳይመልስ በነጻ ይሰናበታልና። ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ያማረ ነበር። ይሁን እንጂ የሀገሪቱ የሕግ ፋኩልቲ በዩኒቨርሲቲው የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ ሕጎቹን ተምሮ የሚከራከር ጠበቃ ቍጥር ከሕጎቹ ስፋት ጋር የሚመጣጠን አልነበረም።

የወሎ ሕዝብ እነዚህ ድንጋጌዎች ሲፈተኑ ያየው በመራራ ምክንያት ነው። በ1965 ዓ.ም. በጠቅላይ ግዛቱ የጸናው ረኃብ ብዙ ሺህ ሰው ጨረሰ። ከየአውራጃው የተሰደደው ሕዝብ በደሴ መንገድ ላይ ሲወድቅ፥ የመንግሥት ወሬ ነጋሪዎች ዝም አሉ። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ለዓለም ሲታይ ግን ዝምታው ተሰበረ። በዚያው ዓመት በተነሣው የለውጥ እንቅስቃሴ፥ የባለሥልጣኖችን ጥፋት፥ የሀብታቸውን ምንጭና የረኃቡን መደበቅ የሚመረምር ኮሚሽን በአዋጅ ተቋቋመ፤ ሊቀ መንበሩም ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ነበሩ። የወሎ ረኃብ ከኮሚሽኑ የመጀመሪያ ጉዳዮች አንዱ ሆነ። በሀገራችን ታሪክ ትልልቅ ሹማምንት ስለ ሥራቸውና ስለ ሀብታቸው በሕዝብ ፊት ተጠይቀው መልስ ሲሰጡ የታየው በዚህ መርማሪ ኮሚሽን ነው። መርማሪዎቹ ሰነድ ያቀርባሉ፤ ተጠያቂዎቹም «ይህን ለበላዬ ጽፌ ነበር»፥ «ይህ የእኔ ሥልጣን አልነበረም» እያሉ ይመልሳሉ። ከመልሶቹ መካከል ማምለጫ የሆነ ይኖራል፤ እውነት የሆነም ይኖራል። ይህን ለመለየት ነበር ኮሚሽኑ የቆመው፤ ከእርሱም በኋላ ፍርድ ቤት ሊከተል ይገባ ነበር።

ነገር ግን ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ «ስድሳዎቹ» እየተባሉ የሚጠሩትን ሰዎች ረሸነ። ከእነርሱ መካከል ሁለቱ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኰንን፥ የወሎው ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ሰሎሞን አብርሃምም ነበሩ። ድርጊቱ ፖለቲካዊ ውሳኔ ነው ተባለ። ዐቃቤ ሕግ አልከሰሳቸውም፤ ጠበቃ አልቆመላቸውም፤ ዳኛ አልፈረደባቸውም። ደርግ ካቀረባቸው ውንጀላዎች መካከል በሥልጣን አለአግባብ መጠቀምና የሀገርን ሀብት ለግል ማዋል ይገኙበታል። ይህ ውንጀላ በአንዳንዶቹ ላይ እውነት ሊሆን ይችል ነበር፤ በሌሎቹ ላይ ሐሰት ሊሆን ይችል ነበር። ለወሎ ሕዝብ የደረሰው ጉዳት በዚህ አለ፤ ረኃቡን ማን እንደ ደበቀ፥ ማን እየጻፈ እንዳልተሰማ፥ ማን እንደ ተጠቀመበት በምስክርና በመልስ ተጣርቶ የተሰጠ ፍርድ ዛሬ የለም። ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ በእሥር ቤት ሆነው ለመርማሪ ኮሚሽኑ የጻፉት ማስታወሻ ግን ከእርሳቸው አልፎ ተገኘ፤ ከ20 ዓመት በኋላ ገደማም ታተመ። ተከሳሹ ከሞተ በኋላ የተሰማ መልስ ማለት ይህ ነው።

ታሪክ አንዳንድ ጊዜ ነገርን ገልብጦ ያሳያል። የደርግ ባለሥልጣኖች በተራቸው በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ለፍርድ ሲቀርቡ የእነዚህ ሰዎች መገደል ከክሱ አንዱ ነበር፤ ነገሩም 12 ዓመት ያህል ተሰምቶ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. የጥፋተኛነት ፍርድ ተሰጠበት። ጠበቃ መቅጠር ላልቻሉትም መንግሥት ጠበቃ አቆመላቸው፤ ዛሬ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር ያለው የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት ሥራውን የጀመረው በዚሁ ክስ አጋጣሚ ነው። ለሌላው መልስ የነፈጉ ሰዎች መልሳቸው ሙሉውን ተሰማ።

በመካከሉ ያለውን ዘመን በአጭሩ እናልፈዋለን። ኅዳር 7 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጡት አዋጆች ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና ይግባኝ የሌለው ልዩ የጦር ፍርድ ቤት አቆሙ፤ በ1974 ዓ.ም. ደግሞ ልዩ ፍርድ ቤትና የሠርቶ አደሩ ቍጥጥር ኮሚቴ ተተኩ። የመንግሥትን ንብረት የነካና ጉቦ የበላ ሠራተኛ ነገሩ ከመደበኛው ችሎት እየወጣ በእነዚህ ታየ። «ልዩ» የሚለው ቃል በወንጀል ሕግ ውስጥ ሲገባ የሚቀነሰው ብዙ ጊዜ የተከሳሹ ፋንታ መሆኑን ከዚህ እንገነዘባለን።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ20ኛው አንቀጹ እንደ ንጹሕ የመቈጠርንና በጠበቃ የመከራከርን መብት እንደ ገና አጸና። በግንቦት 1993 ዓ.ም. የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ሙስና የሚለው ቃልም ጉቦን፥ ምዝበራንና በሥልጣን አለአግባብ መጠቀምን በአንድ ጠቅልሎ የሕግ ቃል ሆነ። በሚቀጥለው ወር የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ብርቱካን ሚደቅሳ ተጠርጣሪው በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ፤ ሰውየው ግን ከፍርድ ቤቱ ርቀው ሳይሄዱ ዳግመኛ ተያዙ። በዚያው ሰኔ ወር የወጣው አዋጅ ቍጥር 239/1993 በሙስና የተያዘ ሰው በዋስ እንዳይለቀቅ ከለከለ። አቶ ስዬ የተፈረደባቸው እሥራት 5 ዓመት ሲሆን፥ ከእሥር ቤት የወጡት በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ቍጥሩን አንባቢው ራሱ ያስላው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለ አዋጅ ከ10 ዓመት በላይ በማያስቀጣ ሙስና ዋስ እንዲፈቀድ አድርጎ ነገሩን አለሳለሰው፤ ከባዱ ክስ ግን በቀድሞው ክልከላ ውስጥ ቀረ።

ዋስ የማጣት ነገር የሚጐዳው ነጻነትን ብቻ አይደለም። በጉቦ ክስ መከላከያ የሚሆነው ማስረጃ አብዛኛውን ጊዜ በተከሳሹ ቤትና ዕቃ መካከል ይገኛል፤ የብድር ወረቀት፥ የባንክ ደብተር፥ የዕቁብ መዝገብ፥ ገንዘቡ ሲሰጥ በአጠገቡ የነበረ ጎረቤት። እነዚህን ፈልጎ የሚያመጣ ሰው ከእሥር ቤት ውጭ መሆን አለበት። ይህ ነገር የበለጠ የሚከብደው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ 403ኛ አንቀጽ የገባውንና በኋላም በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቍጥር 881/2007 የጸናውን ግምት ስናስታውስ ነው። በዚህ ግምት መሠረት ዐቃቤ ሕጉ ድርጊቱን ካስረዳ፥ ተከሳሹ ተቃራኒውን ካላስረዳ በቀር፥ ድርጊቱ የማይገባ ጥቅም ለማግኘት ታስቦ እንደ ተፈጸመ ይቈጠራል። እንደ ተናገርነው በጉቦ ነገር ከሁሉ የሚበልጠው አከራካሪ ነጥብ የልብ ሐሳብ ነበር፤ እርሱን የማስረዳት ሸክም በከፊል ወደ ተከሳሹ ዞረ ማለት ነው። ሕግ አውጪው ይህን ያደረገበት ምክንያት አይጠፋንም፤ ጉቦ በጨለማ የሚሠራ ሥራ ስለ ሆነ ሐሳቡን የሚያይ እማኝ አይገኝም። ነገር ግን ሸክም የሚጫንበትን ሰው እጁን አስሮ «ተሸከም» ማለት ለትክክለኛ ፍርድ የሚመች አይደለም።

አሁን ወደ ኮምቦልቻ እንውረድ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከአሰብ የሠሩት መንገድ ባቲን አልፎ በዚህች ከተማ ከዋናው ጐዳና ጋር ይገናኛል። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ በር ተዘጋ፤ የሰሜኑ ዕቃ ከጅቡቲ በሚሌ በኩል መምጣቱን ቀጠለ። ደረቅ ወደቡ፥ የጉምሩኩ ቅርንጫፍ፥ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሁሉ በዚሁ መንገድ ምክንያት የመጡ ናቸው። እንግዲህ በዚህ የሚሠራ የጉምሩክ ሠራተኛ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ነው። እንበልና አንድ አስመጪ የዕቃው ዋጋ ዝቅ ተደርጎ እንዲገመትለት ገንዘብ ሰጥቶኛል ተብሎ እንዲህ ያለ ሠራተኛ ተከሰሰ። የብሩ ቍጥር አስቀድሞ ተመዝግቧል፤ ስልኩም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተጠልፏል፤ ይህን ሁሉ የ1997ቱ አዋጅ ይፈቅዳል። ዋናው ምስክር ግን ማነው? ብዙ ጊዜ ራሱ ሰጪው ነው።

በወሎ መድረሳዎች ሲነገር የኖረው ትምህርት ሰጪውን ከተቀባዩ አይለይም ብለን ነበር። የዛሬው ሕግም ሰጪውን ይቀጣል፤ ነገር ግን ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ጠቃሚ መረጃ የሰጠ ተባባሪ ከመከሰስ ነጻ ሊደረግ ይችላል። ያለዚህ ጉቦ ከቶ አይጋለጥም የሚሉ አሉ፤ ትክክል ናቸው። የተከላካዩ ጠበቃ ሥራም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ምስክሩ ነጻ የወጣው መቼ ነው? ቃሉን የሰጠው ከመታሰሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ገንዘቡን አስቀድሞ የጠየቀ ማነው? የዕቃውን ዋጋ የሚገምተው ተከሳሹ ብቻ ነበርን፥ ወይስ ሌላ ሰው አጽድቆታል? በ2003 ዓ.ም. የወጣው የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ምስክሩን ከአደጋ ለመጠበቅ ማንነቱን የመሸፈን መንገድ ስለ ከፈተ፥ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ማንሣት አንዳንድ ጊዜ ይከብዳል፤ ማን እንደ ሆነ የማይታወቅን ምስክር ከተከሳሹ ጋር ያለውን ቂም መጠየቅ አይቻልምና። በሀብት ምንጭ ክስም እንዲሁ ነው። ከደመወዙ የማይመጣጠን ቤት ወይም መኪና የተገኘበት ሠራተኛ ምንጩን ማስረዳት አለበት። በ2002 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት ሀብቱን አስቀድሞ ያስመዘገበ ሰው የሚያቀርበው ወረቀት አለው፤ ከክሱ በፊት የተጻፈ ስለ ሆነም በችሎት ይከበራል።

ጉዳዩ የት ይታያል የሚለውም ቀላል ነገር አይደለም። በሕገ መንግሥቱ 78ኛና 80ኛ አንቀጾች መሠረት የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥልጣን ለክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች፥ የፌዴራሉ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሥልጣን ለክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች በውክልና ተሰጥቷል። በ1995 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ በአፋር፥ በሶማሌ፥ በቤንሻንጉል ጉሙዝ፥ በጋምቤላና በደቡብ ክልሎች የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲቋቋም ሲወሰን፥ የአማራ ክልል ከዝርዝሩ አልገባም። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ የመክሰስ ሥልጣኑ ከኮሚሽኑ ወጥቶ ለፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፥ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ለፍትሕ ሚኒስቴር ተላልፏል። ክሱ አዲስ አበባ ላይ ከተከፈተ ተከሳሹና ምስክሮቹ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛሉ። የዐቃቤ ሕግ ምስክር አበሉ ይከፈለዋል። የመከላከያ ምስክሮች ሆነው የሚጠሩት ግን ብዙ ጊዜ የመጋዘን ዘበኛ፥ የጭነት ወዛደር፥ ወይም በዕለቱ ሰነዱን ያየ የትራንዚተር ተላላኪ ናቸው። በውክልናው መሠረት ደሴ ላይ ሲታይ ግን እነዚሁ ሰዎች ማለዳ ከኮምቦልቻ ተሳፍረው የሐረጎን ጠመዝማዛ ይወጣሉ፤ ችሎት ሳይሰየም ከፍርድ ቤቱ በር ይደርሳሉ፤ ቃላቸውን ሰጥተው ሲያበቁ በዚያው ቀን ማታ ከሥራቸው ይገባሉ።